ማሽኑ ሲጠይቅ ማን ይመልሳል?



የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የኔትወርክ ላብ ሊጀምሩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሃያ ኮምፒውተሮች አስነሳን፤ ሃያዎቹም አናስገባም አሉን። ስማቸውን ስናይ ሁሉም «ኡቡንቱ» ነው የሚሉት። የምናውቀውን የይለፍ ቃል ሁሉ ሞከርን፣ አልሆነም። ከዒሻ ሰላት በኋላ ላብ የገባን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ብልጭ ድርግም የምትለዋን መስመር ስንመለከት አመሸን።

እኛ ሦስት ነን፤ የአምስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች። የላቡን ሰርቨር የመጠበቅ ኃላፊነት የተረከብነው ከኛ በፊት ከተመረቀ አንድ ወንድማችን ነው። ርክክቡ የተፈጸመው ከዙህር ሰላት ወጥተን ክፍል እስክንገባ በነበሩት አሥራ አምስት ደቂቃዎች ነበር። አንድ የይለፍ ቃል ሰጠን፣ «ይህን ስክሪፕት ካስነሳችሁት ሁሉንም ይሠራላችኋል» አለን፣ ዱዓ አደረገልንና ተለያየን። ነባሮቹ ማሽኖች እየሠሩ ስለነበር ስክሪፕቱን እስከዚያች ሌሊት አንድም ቀን አስነስተነው አናውቅም።

ምህንድስና ለማታጠኑ ወንድሞችና እህቶች ነገሩን ትንሽ ማብራራት ይኖርብናል። ሃያ ኮምፒውተሮች ስንል በእጅ የሚዳሰሱ ሃያ ዕቃዎች አይደሉም። ላቡ ውስጥ ያለው አንድ ትልቅ ሰርቨር ነው። በእርሱ ውስጥ በሶፍትዌር ብዙ ኮምፒውተሮች ይፈጠራሉ፤ ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። እያንዳንዱ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ የኔትወርክ ካርድ ያለው ይመስለዋል። የሚፈጠሩትም ሁሉ ነገር ተጭኖበት ከተዘጋጀ አንድ ፋይል እየተቀዱ ነው። ሃያ ጊዜ ከቀዳን ሃያ መንትዮች ይወለዳሉ ማለት ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል። የማን ስም ማን እንደሆነ፣ የትኛው የትኛውን አድራሻ እንደሚይዝ፣ በማን በር ማን እንደሚገባ ቅጂው ውስጥ የለም። ሊኖርም አይችልም። ከውጭ ሊነገራቸው ይገባል።

አብዛኞቹ የሊኑክስ የክላውድ ቅጂዎች ውስጥ ይህን የሚቀበል «ክላውድ-ኢኒት» የሚባል ፕሮግራም አለ። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ተነስቶ «እኔ ማን ነኝ? ማን ይግባ? ምን ልጫን?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካገኘ በተነገረው መሠረት ራሱን ያዘጋጃል። ካላገኘ ስሙ «ኡቡንቱ» እንደሆነ ይቀራል። የኡቡንቱ የክላውድ ቅጂ ደግሞ ሲሠራ ምንም የይለፍ ቃል አይቀመጥበትም። ከደኅንነት አንጻር ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የይለፍ ቃል ያለው ማሽን ኢንተርኔት ላይ ቢወጣ ቀኑን ሙሉ አይቆይም። በዚያች ሌሊት ግን ሃያ በር ሠርተን ለአንዱም ቁልፍ አላበጀንለትም ነበር።

መልሱን ከየት ይጠብቁ እንደነበር ያገኘነው ስክሪፕቱን መስመር በመስመር ስናነብ ነው። አንድ በጣም ረጅም መስመር አለ። በመሀሉ የማሽኑ ሴሪያል ቁጥር ይቀመጥበታል፤ እንደማንኛውም ዕቃ ማዘርቦርድም ቁጥር አለውና። ቨርቹዋል ማዘርቦርድ ላይ ግን ቁጥሩን የምንጽፈው እኛው ነን፣ የፈለግነውንም መጻፍ እንችላለን። ወንድማችን በቁጥሩ ፋንታ የድረ ገጽ አድራሻ ጽፎበታል። ክላውድ-ኢኒት ሴሪያል ቁጥሩን ያነባል፣ አድራሻ መሆኑን ያያል፣ ወደዚያ ሄዶ ይጠይቃል። ብልህ ሥራ ነው፣ አሁንም እናደንቀዋለን። አድራሻው ግን የሰርቨሩ አልነበረም። ፈለግነው፣ የሚመልስ የለም።

በማግስቱ ጠዋት በቴሌግራም ደወልንለት። አሁን በሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነው። ቁጥሩን ስናነብለት ትንሽ ዝም አለና «ያ እኮ የኔ ላፕቶፕ ነው» አለ። ፋይሎቹ ላፕቶፑ ላይ ነበሩ። እርሱ ላብ ውስጥ ሲኖር ማሽኖቹ ይጠይቁታል፣ ላፕቶፑም ይመልስላቸዋል። ተመርቆ ሲሄድ መልሱ በቦርሳው ገብቶ አብሮት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ላፕቶፑን ፎርማት አድርጎታል። «ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር ወላሂ፣ ከዚያ ፈተና መጣ» አለን። አልወቀስነውም። ያን ዕለት እኛ ራሳችን ስለዚያ ሰርቨር የጻፍነው አንድ ገጽ አልነበረም።

ችግሩን የፈታነው በቀላሉ መንገድ ነው። ሁለት ትንንሽ ፋይሎች ይጻፋሉ። ዩዘር-ዳታ የሚባለው ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል፤ ሜታ-ዳታ የሚባለው ማን እንደሆነ። ሁለቱ በአንድ ምናባዊ ሲዲ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሲዲው «ሲአይዳታ» የሚል ስም ይሰጠዋል፣ ማሽኑ ላይ ይሰካል። ክላውድ-ኢኒት ሲነሳ በዚያ ስም የተሰየመ ዲስክ ካየ ወደ ማንም አይሄድም፤ መልሱን ከዚያው ያነባል። ቀላል ነው ብንልም እስከ ሱብሒ አዛን አድረንበታል። መጀመሪያ፣ የዩዘር-ዳታ የመጀመሪያ መስመር # ምልክት ቀድሞት «ክላውድ-ኮንፊግ» የሚል መሆን አለበት። እኛ ከላዩ የራሳችንን ማስታወሻ ጽፈን ነበር። ማሽኑ ፋይሉን ምን እንደሆነ አላወቀውም፣ በሎግ ፋይሉ ውስጥ አንዲት ማስጠንቀቂያ ጽፎ አለፈው። ቀጥሎ፣ ፋይሉ የሚጻፍበት ያምል የሚባለው ስልት በታብ መግባትን አይቀበልም፤ በስፔስ ብቻ ነው። ታብና ስፔስ ለዓይን አንድ ናቸው። ይህችን ለማግኘት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብናል፣ ያውም ሦስት ሆነን።

ከሁሉ ያደከመን ግን ሦስተኛው ነው። ስህተቱን አርመን፣ ሲዲውን አዲስ ሠርተን፣ ማሽኑን ዳግም አስነሳነው። ምንም ለውጥ የለም። እንደገና አረምን። ምንም። ሜታ-ዳታ ውስጥ የማሽኑ መለያ የምትሆን አንዲት መስመር አለች። ክላውድ-ኢኒት ያችን መለያ ያስታውሳል። መለያዋ ካልተለወጠች «ይህን ማሽን አንድ ጊዜ አዘጋጅቼዋለሁ» ብሎ አብዛኛውን ሥራ ይዘለዋል። ዩዘር-ዳታውን መቶ ጊዜ ብናርመው መለያውን እስካልለወጥን ድረስ አይሰማንም። በነገራችን ላይ ይህ ስህተት አይደለም፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሁሉን ከአዲስ ቢያደርግ የሚጠቀምበት ሰው ሥራ ሁሉ ይበላሽ ነበር። እኛ ግን ይህን ያወቅነው ለሱብሒ ውዱእ ስናደርግ ከሦስታችን አንዱ «መለያውን ነክተነዋል እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

ላቡ በጊዜው ተጀመረ፣ አልሐምዱሊላህ። እኛም ነገሩን ረሳነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከዐስር ሰላት በኋላ አንዲት የሦስተኛ ዓመት እህታችን ከላቡ በር ላይ ጠበቀችን። «ወንድሞቼ፣ ማሽኔ ውስጥ ሲዲ አለ» አለች። አለ አልናት። «ከፍቼ አየሁት። ውስጡ ያለውን ነገር እኔ ማየት ነበረብኝ?» በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችን። ለእኛ መግቢያ ብለን ያደረግነው የይለፍ ቃል በግልጽ ጽሑፍ ተቀምጧል። ሌሊቱን ስለደከመን፣ ቶሎ እንዲያልቅ ብለን፣ የሰርቨሩን የራሱን የይለፍ ቃል ነበር የጻፍንበት። በዚያ የይለፍ ቃል የሁሉንም ተማሪ ማሽን፣ የሁሉንም የላብ ሪፖርት መክፈትና መቀየር ይቻላል። ሃያ ተማሪዎች ሃያ ሲዲ ይዘው ሦስት ሳምንት ተቀምጠዋል። «ለማንም አላሳየሁም፣ ፎቶውንም እዚሁ ፊታችሁ አጠፋዋለሁ» አለችና አጠፋችው። አመሰገንናት፤ ከዚያ በላይ ምን እንደምንል ጠፋን። በዚያው ሰዓት የይለፍ ቃሉን ቀየርን። ለላቡ ኃላፊ መምህርም የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ለእርሳቸው መንገሩ ከይለፍ ቃሉ ይልቅ ከበደን።

ስህተታችን የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለመማር ከግቢ ወጣ ብለን ማየት ነበረብን። በትላልቆቹ የክላውድ አገልግሎቶች ዘንድ ማሽኑ መልሱን የሚያገኘው በሲዲ ሳይሆን በኔትወርክ ነው፤ 169.254.169.254 ወደሚባል አድራሻ ሄዶ ይጠይቃል። አድራሻው ከዚያ ማሽን ውጭ ላለ ሰው አይደረስበትም። ከውስጥ ላለ ግን ማንም ይሁን ማን፣ የትኛውም ፕሮግራም ቢጠይቅ ይመለስለታል። እዚያው አድራሻ ላይ ማሽኑ ሌሎች አገልግሎቶችን የሚከፍትባቸው ጊዜያዊ ቁልፎችም ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ካፒታል ዋን በተባለው የአሜሪካ ባንክ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። አንዲት ሰርጎ ገብ በትክክል ያልተዋቀረ ፋየርዎል አገኘች፤ እርሷ ከውጭ መጠየቅ ስላልቻለች ፋየርዎሉ ራሱ ያንን አድራሻ እንዲጠይቅላት አደረገች። በተሰጣት ቁልፍ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ አሜሪካውያንና 6 ሚሊዮን ገደማ ካናዳውያን መረጃ ተወሰደ። አማዞን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጠያቂው አስቀድሞ ማለፊያ እንዲጠይቅ የሚያስገድድ አዲስ አሠራር አወጣ። የኛው ሲዲና የእነርሱ አድራሻ መልካቸው ቢለያይም ነገራቸው አንድ ነው፤ ለማሽኑ የተነገረ ነገር በማሽኑ ውስጥ ላለ ሁሉ እንደተነገረ ይቆጠራል።

ሲዲውን ማውጣት ብቻውን አይበቃም። ክላውድ-ኢኒት ያነበበውን ዩዘር-ዳታ ማሽኑ ውስጥ ቅጂ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ የማሽኑ አስተዳዳሪ የሆነ ሁሉ ያነበዋል፤ በላባችን ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ በማሽኑ ላይ አስተዳዳሪ ነው። አሁን በሲዲው የምናስገባው ለሁሉ ቢታይ የማይጎዳውን ግልጽ ቁልፍ ብቻ ነው። ምስጢሩ ቁልፍ ከእኛ ኮምፒውተር አይወጣም።

ለመጻፍ የተቀመጥነው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለት ቀን አሥራ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፈን ጨረስን፤ ትእዛዝ በትእዛዝ የተደረደረ፣ ያማረ። ለዚያችው እህታችን ሰጠናትና «እኛ ዝም እንላለን፣ አንቺ ሥሪው» አልናት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመች። «ይህ ፋይል የሚቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ነው ወይስ ማሽኑ ውስጥ?» አለች። አሥራ አንዱን ገጽ አገላብጠን አየነው፤ የትም አልጻፍነውም። እኛ ስለምናውቀው አልታየንም። ከሦስታችን ሁለታችን በልጅነታችን መድረሳ ቀርተናል። የትናንቱን ለኡስታዙ ሳናሰማ ሎሁ አይታጠብልንም ነበር። ገብቶናል ማለታችንን ኡስታዛችን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ መልሰን ማሰማት ነበረብን። ጽሑፋችንን ያሰማችልን እርሷ ናት። አሥራ አንዱንም ገጽ አጠብነው።

ሁለተኛውን ስንጽፍ ትእዛዙን ወደ ኋላ አደረግነው። በአማርኛ ጻፍነው፤ ትእዛዞቹ ብቻ እንዳሉ ቀሩ። ለእያንዳንዱ መንገድ መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ «ማሽኑ ሲጠይቅ ማን ይመልሳል?» የሚል ነው። ከዚያ መልሱን ሌላ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ መላሹ ባይኖር ማሽኑ ምን እንደሚሆን፣ መልሱ ቢለወጥ ማሽኑ መቼ እንደሚሰማ። ወንድማችን ከነዚህ ሦስተኛዋን ብቻ በአንድ መስመር ጽፎልን ቢሆን ኖሮ ያቺን ሌሊት እንተኛ ነበር።

ሲዲው ላይ ብዙ ጻፍን፣ ምክንያቱም የምንጠቀምበት እርሱን ነው። ስለ ሴሪያል ቁጥሩ መንገድም ጻፍን፤ አድራሻው የሰው ላፕቶፕ እንዳይሆን በቀይ አሰመርንበት። ኪውኢሙ የተባለው ሶፍትዌር ከዚህ ሌላ ለማሽኑ ፋይል የሚያቀብልበት የራሱ ቀዳዳ አለው፤ ፌዶራ ኮርኦኤስ የተባለው ሲስተም ክላውድ-ኢኒትን ትቶ ኢግኒሽን የሚባለውን ስለሚጠቀም መልሱን የሚያነበው ከዚያ ነው። ኢግኒሽን የሚሠራው በመጀመሪያው መነሳት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሲሳሳትም በግማሽ መንገድ ከመቀጠል ማሽኑን ያቆመዋል። ይህ ጠባዩ ከሦስታችን አንዱን በጣም ማርኮታል። በከርነል ትእዛዝ መስመርም ማቀበል ይቻላል፤ ግን ማሽኑ ውስጥ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ ያነበዋልና ለምስጢር ጨርሶ አይሆንም። በቪኤምዌር ያለውን መንገድ በሁለት መስመር አልፈነዋል፤ ላባችን ውስጥ የለም። አማዞን ላይ የሚሠራ ሰው ዩዘር-ዳታው ከ16 ኪሎባይት እንዳይበልጥ አስታወስነው፤ ከእናንተ መካከል ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ የሚሞክረው ይኖራል።

የትኛው ይሻላል በሚለው አልተስማማንም። ሁለታችን ሲዲውን እንመርጣለን፤ ማሽኑ ለመነሳት ሌላ ማንም ነቅቶ መጠበቅ የለበትም። መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ በግቢያችን ደግሞ ይሄዳል፣ የትኛው ሰርቨር ቀድሞ ተነሳ የሚል ጭንቀት የለም። ሦስተኛችን ሃያ ሲዲ ከመሥራት ሰርቨሩ ላይ አንድ ትንሽ ድረ ገጽ አስቀምጦ ከአንድ ቦታ ማረም ይቀላል ይላል። እውነቱን ነው፤ እኛም እውነታችንን ነው። ክርክሩን ከነምክንያቱ ጽሑፉ ውስጥ ተውነው፤ የሚመጡት ይፍረዱ።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር። ይህ የሰርቨር ጉዳይ ብቻ አይመስለንም። የጀመዓችን የኢፍጣር ኮሚቴ በየዓመቱ ቴምሩ ከማን እንደሚገዛ፣ ድስቱን ማን እንደሚያውስ፣ ለስንት ሰው ስንት ኪሎ ሩዝ እንደሚበቃ ከዜሮ ይጀምራል። መልሱ የሁሉ ጊዜ ከተመራቂ ጋር ነው የሚሄደው። ረመዳን ከመግባቱ በፊት ያለፈውን ዓመት ኮሚቴ የሚያገኝ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

እኛ ኢንሻ አላህ ሰኔ ላይ እንመረቃለን። ጽሑፉ አሁን አሥራ አራት ገጽ ነው። አንዱ ቅጂ ሰርቨሩ ላይ አለ፤ ሰርቨሩ ሲጠፋ እርሱም ስለሚጠፋ ሌላው ታትሞ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከሰርቨሩ ጎን ተለጥፏል። ባለፈው ቅዳሜ እህታችን ሃያውንም ማሽኖች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዋን አስነሳቻቸው። እኛ ከኋላዋ ተቀምጠን አፋችንን ይዘን ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መለያውን ሳትለውጥ ዳግም ልታስነሳ ስትል፣ ከሦስታችን አንዱ ሳል መሰለ። ዞር ብላ አየችው፣ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች፣ መስመሩን ራሷ አገኘችው።

ስትጨርስ እስክሪብቶ ጠየቀችን። አራተኛው ገጽ ላይ «ይህ ቀላል ነው» ብለን የጻፍነውን ሰረዘችና ከጎኑ «ቀላል አይደለም። ሁለቱ ፋይሎች በአንድ ፎልደር መሆናቸውን እዩ፣ መለያውን ለውጡ» ብላ ጻፈችበት።